ቱቲ እና አጎቷ፣ መስታወት ሥራ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቱቲ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከአንቺ ናፍቆትና ከእናትሽ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ጉልበቷንም ቢሆን ትናንት ወንበር ላይ ቆማ መስኮት ስትወለውል ስላየኋት፣ የሚያማት እኔ ስመጣ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ከስንት ዓመት የመስታወት ማለስለሻ ጩኸት በኋላ ጆሮዬ ስልክ አይቀበልም። አንቺ እሺ ስትዪ እኔ እምቢ እየሰማሁ ከምንቀያየም በወረቀት ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መስታወት የቆረጥኩለት ባለሱቅ አርጅቷል፤ ልጆቹም ሱቁን አይፈልጉትም። መቁረጫ ጠረጴዛውን፣ ማለስለሻውን፣ መደርደሪያውንና የኪራይ ውሉን አንድ ላይ ለእኔ ሊያስተላልፍልኝ ተስማምቷል። ቀን የሰጠኝ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እኔ እጅ አለኝ፣ ጥሪት የለኝም። አንቺ ጥቂት እንዳጠራቀምሽ ደግሞ እናትሽ አምልጧት ነግራኛለች። አምልጧት ስልሽ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያመለጣት።

ንግድ መዝገብ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ጸሐፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «የትኛውን ዓይነት ሽርክና ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

«ዓይነት አለው እንዴ?» አልኳት።

አለው። አንደኛው የኅብረት ሽርክና ይባላል። ሁለታችንም ሙሉ ሸሪክ ነን፤ ማኅበሩ ላይ ጣጣ ከመጣ ሁለታችንም እስከ ቤት ንብረታችን እንጠየቃለን። ሁለተኛው ስሙ ረጅም ነው፤ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት ሽርክና። እዚያ ውስጥ አንዱ ላለውም ለሌለውም ይጠየቃል፣ ሌላው ግን ካዋጣው በላይ አይነካም። እኔ አንደኛውን ወድጃለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው። በግማሽ መዛመድ አላውቅበትም።

አስቢበትና ቶሎ ጻፊልኝ። እናትሽ ግንባሯን ሳምልኝ ብላለች፤ ከዚህ እንዴት እንደሚደረስ ግን አልነገረችኝም።

አጎትሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እማዬ እንዴት ናት? የላክሁላት የጉልበት ማሰሪያ ደረሳት? እንደማታስረው አውቃለሁ፤ ቢሆንም መሳቢያዋ ውስጥ መኖሩን ብቻ ይዩልኝ።

ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። እዚህ የመጦሪያ ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንዷ ስለታመመች የእሷም አንሶላ ወደ እኔ መጥቷል። የዘገየሁት ግን በአንሶላ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ነገር ቅር እንደሚያሰኝዎ ስላወቅሁ ነው።

ገንዘቡን እልካለሁ። ሽርክናው ግን ሁለተኛው ዓይነት ይሁንልኝ።

አጎቴ፣ አይቆጡኝ። አባባ ካረፈ በኋላ እማዬ ቤቱን በእኔ ስም ስታዛውር እርስዎም ምስክር ሆነው ፈርመዋል። በወረቀት የእኔ ይሁን እንጂ ጣሪያው የእሷ ነው፤ ሌላ የላትም። ሙሉ ሸሪክ ከሆንኩ አንድ ቀን ማኅበሩ ቢጠየቅ ያ ቤት አብሮ ይጠየቃል። እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። እርስዎን አምናለሁ፤ የማላምነው ቀንን ነው።

የመጦሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ጥሩ ሰው ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ አስረዳኝ። ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረኝ። አንድ፣ በሥራው ገብቼ ይሄን አድርጉ ያንን ተዉ እንዳልል። ሁለት፣ ስሜ በማኅበሩ ስም ውስጥ እንዳይገባ። ስሜ ከወጣ ሰው እኔንም አምኖ ነው የመጣው ተብሎ እንደ ሙሉ ሸሪክ እቆጠራለሁ አለኝ። ስለዚህ ስሜ የትም አይጻፍ። አደራ።

እማዬን እግሯን ሳሙልኝ፤ ትስቃለች።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ይድረስ ለቱቲ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እናትሽ ደህና ናት። የጉልበት ማሰሪያው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እንደታሸገ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን እናትሽ፣ «የሚያኮርፍበት ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ ማኩረፍ ምን ይባላል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቤቱን አስበሽ ነው፤ ማሰብሽም ደግ ነው። እንዳልሽው ሆነ።

የመመሥረቻ ጽሑፉን አንድ የሠፈር ጠበቃ ጻፈልኝ። እኔ ሙሉ ሸሪክና ሥራ አስኪያጅ፣ አንቺ ኃላፊነትሽ ያዋጣሽው ድረስ። ከገንዘቡ ጋር በላክሽው ውክልና በአንቺም ፋንታ ፈረምኩ። ውል አጽዳቂው ፊት ቆሜ ራሴ ለራሴ ስስማማ ትንሽ አፈርኩ፤ ከራሴ ጋር እንዲህ በፍጥነት ተስማምቼ አላውቅም። ከዚያ መስኮት ሦስት። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ፣ «የማኅበሩ ስም የሙሉውን ሸሪክ ስም ብቻ ነው የሚይዘው፣ ገብቶዎታል?» አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት። ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከሰው ቅጥርነት ወጣሁ፣ ቱቲ። በአንቺ ነው የወጣሁት፤ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

አደራሽንም ጠብቄያለሁ። መዝገቡ ላይ ባለው ስም ውስጥ ስምሽ የለም። የምስክር ወረቀቱን ግልባጭ ልኬልሻለሁ፣ እይው።

የሱቁን ፎቶም አብሬ ልኬያለሁ። ታፔላውን የጻፈው ሠዓሊ ቀይ ቀለም አያልቅበትም። ሳነብላት እናትሽ እዚያው በቁሟ አለቀሰች።

አጎትሽ፣ አሁን ደግሞ ሥራ አስኪያጅ


የካቲት 24 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ? ጉንፋን እንደያዛት ሰማሁ፤ መስኮት መወልወሉን ለእርስዎ ትተውልዎት። ባለ መስታወቱ እርስዎ አይደሉ?

ፖስታው መንገድ ላይ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ፎቶውን ያየሁት ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ማድረቂያው ላይ ተደግፌ ነው። «ቱቲ እና አጎቷ፣ መስታወት ሥራ» ይላል፣ ያን በሚያህል ፊደል። የተመዘገበው ስም ከታች በትንሹ አለ፤ ለማየት ፎቶውን ወደ መብራት ማስጠጋት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከመጣልኝ ቆይቶ ነበር። ለሥራ ጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዷ ቱቲ ማን ናት አለች፣ እኔ ነኝ አልኳት። የልብስ ሣጥኔ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሒሳብ ሹሙ ፎቶውን አይቶ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ፤ አሁን የማድረቂያው ደወል ጮኋል።

ሥራ እንዴት ነው? ሰው ይመጣል? እማዬን ሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ቱቲ


ሚያዝያ 12 ቀን

ይድረስ ለቱቲ፤

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፣ ጉንፋኑ ለቋታል።

ሥራ አለ። በመጋቢት መጨረሻ ከሱቃችን ጎን ላለው መድኃኒት ቤት የፊት መስታወት ገጥሜ ነበር፤ ትንሽ ችግር አጋጠመው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ተጎድታለች። ታውቂያታለሽ፣ በረንዳው ላይ መኪናዋን ይዛ የምትሰፋው፣ የትምህርት ቤት ልብስሽን ሳይቀር የሰፋችልሽ። ለክፉ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየካቲት የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ትዝ ይልሻል? ቅጂ አስቀርተሻል? ከዚያ ወዲህስ ስለ ታፔላው ለማንም የጻፍሽው ነገር አለ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 30 ቀን

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አነበብኩት፤ እንደ እርስዎ ደብዳቤ አልሆነልኝም። ቀልድ የለበትም። እርስዎ ሳይቀልዱ የጻፉልኝ አባባ ያረፈ ጊዜ ብቻ ነው።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ልብስ ሰፊዋ እንዴት ናት ስላት፣ ምሳ ልሠራ ነው ብላ ዘጋችው። እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር።

አጎቴ፣ የሆነውን እንደሆነ ይንገሩኝ። ለክፉ አይሰጥም የሚለውን ቃል እዚህ መጦሪያ ቤት በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ የሚባለውም ለክፉ ሲሰጥ ነው። ደብዳቤዬን ለምን ፈለጉት?

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቱቲ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይሄን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ከሰው ቁመት በላይ ነው። እንዲህ ያለው ከተገጠመ በኋላ ማጣበቂያው ሲልከን እስኪደርቅ ሙሉ ቀን በሽብልቅ ተይዞ ይቆያል። ይሄን የማውቀው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ነው፣ ለስንቱ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። መድኃኒተኛው ከሰዓት በኋላ ካልከፈትኩ አለ። እኔም አዲስ ባለሱቅ ነኝ፣ ደንበኛ እንዳይከፋብኝ ብዬ ሽብልቁን በስምንት ሰዓት ነቀልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም። መስታወቱ ወደ በረንዳው ወደቀ። የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጅ፣ የሦስት ጣቶቿ ጅማት ተቆረጠ። ሐኪሙ ሁለቱ አይመለሱም ብሏል። መቀስ መያዝ አትችልም።

ከሰሰች። ትክክል ናት። እኔ ሙሉ ሸሪክ ነኝ፣ እከፍላለሁ ብያለሁ፤ ግን ያለኝ ሁሉ፣ ጠረጴዛውም መደርደሪያውም ቢሸጥ፣ የሕክምናዋን እኩሌታ አይሸፍንም። ጠበቃዋ ይሄን ያውቃል። አንድ ቀን ታፔላውን ፎቶ ሲያነሳ አየሁት። ቱቲ ማን ናት ብሎ ሠፈሩን ቢጠይቅ የማያውቅ የለም፣ ሕፃን ሳይቀር።

እኔ ሞኙ፣ ታፔላ መዝገብ አይደለም፣ ቱቲም የወረቀት ስም አይደለም ብዬ ነበር። ቁምጣ ለብሰሽ ስትሮጪ ያወጣንልሽ ስም ፍርድ ቤት ይገባል ብዬ ማን ያስባል? ያንቺን ገንዘብ ወስጄ የራሴን ስም ብቻ መስቀል ሌብነት መሰለኝ። ይኸው ነው ጥፋቴ። ክፋት አልነበረበትም፤ አለመኖሩ ግን አላዳነንም።

የእኛ ጠበቃ የኅዳር ደብዳቤሽ ያድናታል አለ። ስሜ አይጻፍ ብለሻል። የየካቲቱ ግን ያሰጥማታል አለ፤ አይተሻል፣ ደስ ብሎሻል፣ አውርድ አላልሽም። እሱን እንዳልደብቀው ደግሞ ያኔ እንደደረሰኝ፣ ገና እጇ ሳይጎዳ፣ ለልብስ ሰፊዋ ራሴ አንብቤላታለሁ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ኮሌታ እየሰፋች፣ «ልጅቷ እንዴት ደስ ብሏት» አለችኝ። በአንቺ መኩራት አልችልም ነበር?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። መጋቢት 5 ቀን ብለሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ታፔላውን አውርድ፣ ያለ ፈቃዴ ነው የሰቀልከው የሚል። ደርሶኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ ነው እላለሁ። ጥፋቱ ሁሉ በእኔ ላይ ይሁን፤ ቤቱ ይትረፍ። እናትሽ ይሄን መጠየቄን አታውቅም። እሷ ጧት ጧት ልብስ ሰፊዋ ጋ እየሄደች ጨርቅ ትቆርጥላታለች፤ አልናገርም ብላ እንጂ የአደጋውንም የክሱንም ነገር ሁሉ ታውቃለች።

አጎትሽ


መጋቢት 5 ቀን

ለአጎቴ፤

በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ስሜ በሱቁ ታፔላ ላይ መጻፉን ተመልክቻለሁ። ይህ የተደረገው ያለ እኔ ፈቃድና ስምምነት ነው። በኅዳር ወር በጻፍኩት ደብዳቤ ስሜ እንዳይጻፍ በግልጽ አሳስቤ ነበር። በየካቲት ወር የገለጽኩት ደስታ ስለ ሱቁ መከፈት እንጂ ስለ ታፔላው አይደለም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ታፔላው በአስቸኳይ እንዲነሳ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 11 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እማዬ እንዴት ናት? ጨርቅ ስትቆርጥ ጎንበስ ማለቱ ጉልበቷን አይጎዳትም?

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አለ። አንደኛው የጠየቁኝ ነው። ቀኑን መጋቢት ብዬዋለሁ፣ ወረቀቱንም ከድሮው ደብተሬ ቀድጄዋለሁ፤ ሲያዩት የዚያን ጊዜ ይመስላል። ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይሄ አስደነገጠኝ።

ሁለተኛው ይሄ የያዙት ነው፤ የዚህ ግን ቀኑ እውነተኛ ነው። ሒሳብ ሹሙ ያኔ ያለኝን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብዬዎት ነበር፣ አሁን እጽፈዋለሁ። ፎቶውን ሣጥኔ ላይ እንዳየ፣ «ዛሬውኑ ደውለሽ አስወርጂው» አለኝ። እሺ አልኩት። በነጋታው ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ አልኩት። አልጻፍኩም። የየካቲቱን ደብዳቤ የጻፍኩልዎት ከዚያ በኋላ ነው፣ እያወቅሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። እዚህ ስሜ የተጻፈው ደረቴ ላይ ባለች ባጅ ነው፣ እሱም ፊደሉ ተሳስቶ። አርሙልኝ ካልኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ልብሳቸውን የማጥብላቸው አሮጊቶች አንቺ ይሉኛል። እዚያ መንገድ ላይ ግን ሰው ቆሞ ያነበኛል። አጎቴ፣ እኔም ወድጄው ነው። ታፔላውን የሰቀሉት እርስዎ ይሁኑ እንጂ፣ አንድ ቃል ብጽፍ ይወርድ የነበረውን ሳልጽፍ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ልጅቷ እንዴት ደስ ብሏት ያለችው ልክ ነው።

የትኛው ደብዳቤ ፍርድ ቤት እንደሚገባ መወሰን አልቻልኩም። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ጣሪያው የእማዬ ነው፣ እሷ ትወስን። ሁለቱንም ያንብቡላት፤ ምንም አይዝለሉ።

ቱቲ


ሐምሌ 16 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቱቲ፤

እንደምን አለሽ? እኛ አለን። መዘግየቴን ይቅር በይኝ፤ የምጽፍልሽ ነገር እስኪቆረጥ ስጠብቅ ነው።

ሁለቱንም አነበብኩላት። ማድቤቷ ውስጥ፣ ድንች እየላጠች። መጀመሪያ የመጋቢቱን። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ይሄ የማን ልጅ ደብዳቤ ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነዋ» አልኳት።

«እኔን ደህና ናት ወይ እንኳ አላለችም።» ድንቹን ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። «የእኔ ልጅ እንዲህ አትጽፍም። ሌላውን አንብብ።»

ሌላውን አነበብኩ። ስለ ጉልበቷ ስትሰማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ባጁ ጋ ስንደርስ፣ «ቆይ፣ እሱን ድገመው» አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አደረገችና ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደችው። ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ቀጥ ብላ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደች፣ እኔም ከኋላዋ። «ይሄን ለጠበቃሽ ስጪው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ አስነበበችው። «እኔ ቤታችሁን ፈልጌ አልነበረም። እጄን ነበር የምፈልገው» ብቻ አለች። እናትሽ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ በረንዳው ጫፍ ቆሜ ገና ያልተተካውን የመድኃኒት ቤቱን መስታወት ሳይ ነበር፤ በካርቶን ነው የዘጋው። ቱቲ፣ እንዲህ ያለ ኀፍረት ደርሶብኝ አያውቅም።

ዳኛው ፊት ሳንከራከር ተስማማን። ቤቱ ይሸጣል። የልብስ ሰፊዋ ካሣ ከዚያ ይወጣል፤ የተረፈው ለእናትሽ ነው። እናትሽ ወደ እኔ ክፍል ትገባለች፣ እኔ ሱቁ ውስጥ እተኛለሁ። ጠረጴዛውን ዳኛው ትተውልኛል፤ ሠርቶ ይክፈል ብለው። ሽብልቅ ሳልነቅል አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ስጠብቅ ሠፈሩ ሁሉ እየሳቀ ያየኛል።

ታፔላውን ላወርደው መሰላል አቁሜ ነበር። እናትሽ ከታች መሰላሉን ያዘችና፣ «ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። አወርደዋለሁ አልኳት። «ተወው። አሁንማ ከፍለንበታል» አለች። ተውኩት።

ዕቃዋን ማሰር ጀምራለች። የቤቱን መስኮቶች በሙሉ ወልውላቸዋለች፤ ለገዢው ነው ትላለች። እሱን ስታደርግ ጉልበቴን አላለችም።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ቤቱ በአንቺ ስም ስለሆነ የሚያሸጥ ውክልና ላኪልን። ባለፈው ለሽርክናው የላክሽው ለዚህ አይሆንም ተብለናል። የምትልኪው ላይ ስምሽን እስከ አያትሽ ድረስ በሙሉ ጻፊ። ቱቲ ብቻ አይበቃም ብላኛለች ጸሐፊዋ።

አጎትሽ